ወደ ሂማላያዋ አገር ቡታን ከመጓዝ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በቀን 250 ዶላር መክፈል ግዴታ ነው።» ይህ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የነበረ አሠራር ነው፤ ያኔ ሆቴልም አስጎብኚም በዋጋው ይካተቱ ነበር። አሁን አንድ አዋቂ ቱሪስት ለእያንዳንዱ ሌሊት 100 ዶላር የዘላቂ ልማት ክፍያ (ለመንግሥት የሚገባ)፣ ለቪዛ 40 ዶላር ይከፍላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ዕለታዊው ክፍያ ግማሽ ነው። ሆቴል፣ መኪናና አስጎብኚ ለብቻ ይታሰባሉ።

«ከፍታው ሁሉንም ያሳምማል።» ዋና ከተማዋ ቲምፉ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው እምብዛም አይቸገርም። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚነሳ ግን ሰውነቱ እስኪለምድ ከባዱን መውጣት ለመጨረሻ ቀን ያቆየው።

ከባዱ ደግሞ ታክትሳንግ ነው፤ ከፓሮ ሸለቆ 900 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በገደል ላይ የተሠራው ገዳም። «እስከ ደጁ በፈረስ ይደረሳል» የሚሉ አሉ፤ ፈረሱ ግን መንገድ አጋማሽ ካለው ካፍቴሪያ አያልፍም። ከዚያ በእግር ወደ መመልከቻው ይወጣል፤ ቀጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎች ወደ ፏፏቴው ድልድይ ያወርዳሉ፣ እንደገናም ወደ ገዳሙ ያስወጣሉ። ብዙዎች የሚደክሙት ሲመለሱ ነው፤ የወረዱትን ደረጃ መልሰው መውጣት አለባቸውና። ጉልበትዎን ለዚያ ይቆጥቡ፣ በጠዋት ይነሱ። ስልክ፣ ካሜራና ቦርሳ በር ላይ ይቀራሉ። ረጅም ሱሪና እጅጌው ረጅም ልብስ ያስፈልጋል።

«ታይገር ማየታችን አይቀርም።» በ2022ቱ ቆጠራ በአገሪቱ የተገኙት 131 ብቻ ናቸው፤ ጫካውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። አስጎብኚ ታይገር አሳይሃለሁ ካለዎት አይመኑት። በወቅቱ ከሄዱ የሚያገኟቸው በፎብጂካ ሸለቆ የሚከርሙት ጥቁር አንገት ክሬን የተባሉ ረጃጅም ወፎች ናቸው፦ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት። ወፎቹ እንዳይጋጩበት የሸለቆው የኤሌክትሪክ መስመር በመሬት ውስጥ ተቀብሯል። የክሬኖቹ በዓል በየዓመቱ ኖቬምበር 11 በጋንቴ ገዳም ይከበራል። ብሔራዊው እንስሳ ታኪን (ፍየልም ላምም የሚመስል የተራራ እንስሳ) በቲምፉ ጥብቅ ስፍራ በቀላሉ ይታያል።

«አገሩ ሁሉ በረዶ ነው።» በደቡብ ያለው የማናስ ፓርክ ሞቃት ቆላ ነው፤ ዝሆን የሚኖርበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ዝናቡ ያስቸግራል።

«የግንኙነት በረራ ችግር የለውም።» ዓለም አቀፉ አየር ማረፊያ ወዳለበት ወደ ፓሮ የሚበረረው በቀን ብርሃን ብቻ ነው፤ ደመና ሲከብድ ይሰረዛል። ከአዲስ አበባ በዴልሂ ወይም በባንኮክ ሲሄዱ ቲኬቶቹ ለየብቻ ከተቆረጡ ያመለጠዎትን በረራ የሚተካ የለም፤ በመመለሻው አንድ ሌሊት ትርፍ ይያዙ። ሻንጣው እስከ ፓሮ ካልተመዘገበ ወጥቶ ለመቀበል የመሸጋገሪያው አገር ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል። ህንድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው።