ያልተዘጋጀ ሜታዳታ ምንድን ነው?

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ዲስክ ሰፍቶ ፋይል ሲስተሙም (ፋይሎችን በዲስኩ ላይ የሚያደራጀው ሥርዓት) አብሮ ሲዘረጋ፣ በተጨመረው ቦታ ላይ ካለው ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ፋይሎች ከሚያዘው መረጃ፣ የሚበዛው በመዝገብ ብቻ የገባ፣ በተግባር ግን ገና ያልጸዳ ሆኖ ይቆያል፤ ያልተዘጋጀ ሜታዳታ የሚባለው ይህ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለውን ክፍል ጨምሮ የተከራየ ነጋዴ እናስብ። የቀድሞው ተከራይ የለጠፋቸው የዕቃ ዝርዝሮች ከግድግዳው ሳይነሱ፣ መዝገብ ያዡ «አዲሱ ክፍል ባዶ ነው» ብሎ ይጽፍና ማኅተም ያሳርፍበታል። ማኅተሙ እስከታመነ ድረስ የግድግዳውን ወረቀት የሚያነብ የለም።

በሊኑክስ የተለመደው ፋይል ሲስተም ኤክስት4 (ext4) ቦታውን ብሎክ ግሩፕ በተባሉ የብሎኮች ስብስቦች ይከፋፍላል፤ ብሎኩ (ትንሹ የቦታ አሃድ) 4 ኪሎባይት ሲሆን አንዱ ግሩፕ 128 ሜጋባይት ነው። በየግሩፑ የፋይሎችን ባለቤት፣ መጠንና አድራሻ የሚይዝ የኢኖድ ሰንጠረዥ አለ፤ በተለመደው አሠራር 8192 ኢኖዶች እያንዳንዳቸው በ256 ባይት 2 ሜጋባይት ይወስዳሉ። ከ100 ወደ 200 ጊጋባይት ያደገ ፋይል ሲስተም 800 ግሩፖች ስለሚጨመሩለት፣ በዜሮ መሞላት ያለበት 1600 ሜጋባይት ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ይህን ለኋላ ያቆየዋል፦ በግሩፑ ገላጭ (የግሩፑን ሁኔታ በያዘው መዝገብ) ላይ «ኢኖዶቹ አልተዘጋጁም» የሚል ምልክት ያኖርና በቼክሰም (ከይዘቱ ተሰልቶ በሚገኝ ማረጋገጫ ቁጥር) ያትመዋል። ማጽዳቱን ኤክስት4ሌዚኢኒት የተባለው ሂደት ከበስተጀርባ ይሠራዋል፤ አንዱን ግሩፕ ለማጽዳት የፈጀበትን ጊዜ 10 እጥፍ እያረፈ ስለሚቀጥል ቶሎ አይጨርስም። ስለዚህ ምልክቱን የፋይል ሲስተሙን መረጃ በሚያሳየው ደምፕኢ2ኤፍኤስ (dumpe2fs) ማየት ብቻውን ብልሽት አይደለም።

ብልሽቱ የሚጀምረው ማኅተሙ ሲሰበር ነው። ቼክሰሙ ካልገጠመ፣ ፋይል ሲስተሙን የሚመረምረውና የሚጠግነው ኢ2ኤፍኤስሲኬ (e2fsck) ምልክቱን ይሰርዝና ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ፋይል ሲስተሙ በመጠባበቂያ ሱፐርብሎክ (በዋና መግለጫው ቅጂ) ሲከፈትም ምልክቶቹ እንዲሁ ይሰረዛሉ፤ ይህን ብዙዎች አያስተውሉትም።

ደሴ ላይ ያገለገለ ዲስክ የተጨመረበት፣ ፋይል ሲስተሙ አንማውንት ተደርጎ (ከአገልግሎት ተነቅሎ) ሲሰፋ መብራት የጠፋበት ሰርቨር ገጥሞኝ ነበር። እንዲህ ያለው ማስፋት በጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ በሚይዘው መዝገብ) አይጠበቅም። ምንም ሳይጽፍ እንዲያይ ብቻ በማዘዝ ምርመራውን ሳስኬድ፣ ስህተት የተገኘባቸው የኢኖድ ቁጥሮች በሙሉ ከአዲሶቹ ግሩፖች ሆኑ፤ ከነባሮቹ አንድም አልነበረም። ማኅተሙ ስለተሰበረ የተነበቡት የዲስኩ የቀድሞ ሕይወት ኢኖዶች ናቸው ማለት ነው። አደገኛው ግን እነዚህ የሙታን ኢኖዶች ዛሬ የሌላ ፋይል የሆኑ ብሎኮችን «የእኛ ናቸው» ማለታቸው ነው፤ ጥገናው ለሁሉም ጥያቄ «አዎ» ተብሎ ቢለቀቅ የነባሩን ፋይል ብሎክ እየገለበጠ ለእነሱም ይሰጣል። በመሆኑም መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወሰድሁ። ከማስፋቱ በኋላ አዲስ ፋይል እንዳልተጻፈ ካረጋገጥሁ በኋላም፣ በቅጂው ላይ እነዚያን ኢኖዶች ፋይል ሲስተሙን በቀጥታ ለማረም በሚያገለግለው ዲበግኤፍኤስ (debugfs) አስቀድሜ አጠፋኋቸው፤ ቀጥሎ የሄደው ጥገና ከነባሮቹ ፋይሎች አንዱንም ሳይነካ አለቀ።