ብቅ ባይ ምናሌ በጃቫ ስዊንግ

ብቅ ባይ ምናሌ፣ በፕሮግራመሮች አፍ ፖፕአፕ ሜኑ፣ ተጠቃሚው የማውሱን የቀኝ ቁልፍ ሲጫን ጠቋሚው ባለበት ቦታ የሚከፈት የትእዛዞች ዝርዝር ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ በፓርክ፣ የተሠራው ስሞልቶክ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ቀደም ብለው ከተጠቀሙበት ሥርዓቶች አንዱ ሲሆን፣ በ1998 ከጃቫ 1.2 ጋር የወጣው ስዊንግ፣ የጃቫ የመስኮትና የአዝራር መሥሪያ፣ ደግሞ ጄፖፕአፕሜኑ በተባለ ክላስ ያቀርበዋል።

ምናሌውን መገንባት ቀላል ነው። ባዶ ምናሌ ይፈጠራል፤ «ቁረጥ»፣ «ቅዳ» እና «ለጥፍ» አንድ በአንድ ይጨመሩበታል፤ እያንዳንዱ ሲመረጥ የሚሠራው ኮድም ምርጫውን በሚጠባበቅ አክሽን ሊስነር ይያያዝለታል። በመጨረሻ ሾው ለተባለው ሜተድ ምናሌው የሚከፈትበት የመስኮቱ አካል (ለምሳሌ ሠንጠረዥ ወይም የጽሑፍ ሳጥን)ና የኤክስና የዋይ ነጥቦች ይሰጡታል። ነጥቦቹ የሚቆጠሩት ከስክሪኑ ሳይሆን ከዚያው አካል የላይኛው ግራ ጥግ ስለሆነ፣ ይህን የዘነጋ ሰው ምናሌው ካልጠበቀው ቦታ ይከፈትበታል።

ፈተናው ያለው መቼ ይከፈት በሚለው ላይ ነው። በዊንዶውስ ምናሌው የሚጠራው ቁልፉ ሲለቀቅ፣ በሊኑክስና በማክ ግን ገና ሲጫን በመሆኑ፣ ድርጊቱ ምናሌ መጥራት መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ኢዝፖፕአፕትሪገር የተባለው ሜተድ በሁለቱም ቅጽበት መጠየቅ አለበት። አንዱን ብቻ የጠየቀ ፕሮግራም በሠሪው ኮምፒውተር ያለ እንከን ሠርቶ ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ዝም ይላል። የቀኝ ቁልፍ መሆኑን ብቻ ማጣራትም አይበቃም፤ በማክ ኮንትሮልን ይዞ በግራ መጫንም ምናሌ መጥራት ነው። በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጣው ሴትኮምፖነንትፖፕአፕሜኑ ይህን ጣጣ ራሱ ስለሚሸከም፣ ልዩ ምክንያት ከሌለ እሱን መምረጥ ይሻላል።

እሱም ቢሆን ሁሉንም አይፈታም። በስዊንግ ሠንጠረዥ ላይ በቀኝ መጫን ረድፉን አይመርጥም፤ ስለዚህ ቀደም ሲል 2ኛው ረድፍ ተመርጦ ከነበረ፣ ተጠቃሚው 5ኛው ላይ ምናሌ ከፍቶ «ሰርዝ» ሲል የሚጠፋው 2ኛው ይሆናል። ምናሌው ከመታየቱ በፊት ጠቋሚው ያረፈበትን ረድፍ በሮውአትፖይንት አግኝቶ መምረጥ ግድ ነው።

ትእዛዞቹ በአማርኛ ሲጻፉ ሌላ እክል ይገጥማል። ከጃቫ 18 በፊት የነበረው ኮምፓይለር (ኮዱን ኮምፒውተር ወደሚያሠራው መልክ የሚቀይረው ፕሮግራም)፣ ካልተነገረው በቀር፣ የኮዱን ፋይል የሚያነበው በኮምፒውተሩ ነባሪ ኢንኮዲንግ (ፊደሎችን በቁጥር የማስቀመጫ ስልት) ስለነበር፣ በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠው «ለጥፍ» ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆኖ ይታይ ነበር። በ2022 የወጣው ጃቫ 18 ዩቲኤፍ-8ን ነባሪ አድርጎታል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ግን ፊደሎቹ አሁንም ባዶ ሳጥን ሆነው ይቀራሉ።