የጂፒኤስ ሰዓት ለምን 18 ሰከንድ ይቀድማል?

ቤት ውስጥ በጂፒኤስ መቀበያ (ከሳተላይት የቦታና የሰዓት ምልክት በሚቀበል ዕቃ) ሰዓት የሚሠሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንዳንዱ መቀበያ ገና ሲበራ ሰዓቱ በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይስተካከላል። ዕቃው አልተበላሸም።

ዓለም የሚጠቀምበት ሰዓት ዩቲሲ ይባላል። ከምድር ዙረት ጋር እንዳይራራቅ አልፎ አልፎ አንድ ሰከንድ ይጨመርበታል። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1980 ከዩቲሲ እኩል ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተጨመረበትም። ዩቲሲ ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ 18 ሰከንድ ተጨምሯል፤ የመጨረሻው በ2016 ማብቂያ ላይ ነበር። ሰከንድ የሚጨመርበት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሌላው ይቀድማል።

ጂፒኤስ ለምን አብሮ አይጨምርም? ሥራው ቦታ ማስላት ስለሆነ ነዋ! የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ (በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ) 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እንዲህ ላለው ስሌት ሳይቋረጥ የሚቆጥር ሰዓት ይሻላል።

የልዩነቱን መጠን ሳተላይቶቹ ራሳቸው ይልኩታል። ሙሉው መልእክት ተልኮ ለማለቅ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ልዩነቱን የያዘው ክፍል እስኪደርሰው መቀበያው በግምት ይሠራል።

ደግነቱ ከመቀበያው በየሰከንዱ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምት በዚህ አይነካም። ልዩነቱ ሙሉ ሰከንድ ስለሆነ ምቱ ቦታውን አይስትም፤ የሚሳሳተው የሰከንዱ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ለማስተካከል ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ስለ 18ቱ ሰከንድ አትጨነቁ። ሰዓት ለማሳየት ከሆነ ግን መቀበያው የልዩነቱን መረጃ ማግኘቱን ሳታረጋግጡ ቁጥሩን አትመኑ።