የአካባቢ ባቡር መስመርን ማቆየት፦ ወጪና ጥቅሙ እንዴት ይመዘናል?

ከዋናው ሐዲድ ተገንጥለው ትንንሽ ከተሞችንና ገጠሮችን የሚያገናኙ የባቡር መስመሮች ብዙውን ጊዜ የቲኬት ገቢያቸው ወጪያቸውን አይሸፍንም። ክርክሩም የሚነሳው ኪሳራ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ሳይሆን ኪሳራው እንዴት ተሰላ በሚለው ላይ ነው።

የባቡር ወጪ በአመዛኙ ቋሚ ነው። ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ ዋሻውና የምልክት መሣሪያው በቀን ሁለት ባቡር ቢያልፍም ሃያ ቢያልፍም ጥገና ይፈልጋሉ። ስለዚህ የጉዞ ቁጥርን መቀነስ ወጪን እምብዛም አይቆጥብም፤ ተሳፋሪን ግን ያሸሻል። ከዚያም የተሳፋሪው ማነስ ራሱ መስመሩን ለመዝጋት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ጤናማ ስሌት የሚጀምረው መስመሩ ቢዘጋ በእርግጥ የሚቆጠበው ወጪ የትኛው እንደሆነ በመለየት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ወጪ ለመስመሩ የተመደበው ድርሻ ለምሳሌ አይቆጠብም፤ ወደ ሌሎች መስመሮች ይዛወራል እንጂ። ባቡር የማያልፍበት ድልድይም ቢሆን እስኪፈርስ ድረስ ጠባቂና ጠጋኝ ይሻል።

በገቢ በኩል ያለው ስህተት የበለጠ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በብሪታንያ የወጣው የባቡር ድርጅቱ ሊቀ መንበር የሪቻርድ ቢቺንግ ሪፖርት ከ2,000 በላይ ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ከዋነኛ መረጃዎቹ አንዱ በሚያዝያ 1961 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተደረገ ቆጠራ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ የሙቀት ወራት ብቻ የሚጨናነቁት የባሕር ዳርቻ መስመሮች በዚህ ሳምንት ባዶ ቢመስሉ አያስገርምም። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ደግሞ ብዙ ተሳፋሪ እስከ ዋናው ጣቢያ በመኪና ሄዶ ባቡር አልያዘም፤ ጉዞውን በሙሉ በመኪናው አደረገው። ዋናው መስመርም መጋቢውን አጣ። ምትክ ሆነው የገቡት አውቶቡሶች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቋረጡ።

ጃፓን በ1980 ያወጣችው ሕግ የተሻለ ጥንቃቄ ነበረው። በኪሎ ሜትር በአማካይ በቀን ከ4,000 ያነሰ ተሳፋሪ ያላቸው የመንግሥት መስመሮች ወደ አውቶቡስ እንዲለወጡ ወይም ለሌላ አካል እንዲተላለፉ በመለኪያነት አስቀመጠ። ሆኖም አማራጭ መንገድ በሌለበት፣ በረዶ በዓመት ከ10 ቀን በላይ መንገዱን በሚዘጋበት ወይም በሥራና በትምህርት ሰዓት ብዙ ሕዝብ በሚጓጓዝበት ቦታ መስመሩ እንዲቆይ ፈቀደ። በመጨረሻ 83 መስመሮች ተለዩ፤ አንዳንዶቹን ከክልል አስተዳደሮችና ከግል ባለሀብቶች ጋር የተቋቋሙ ኩባንያዎች ተረከቧቸው።

በሒሳብ መዝገቡ የማይታየው ጥቅም ብዙ ነው። መንጃ ፈቃድ የሌለው ተማሪና አዛውንት ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይደርሳሉ፤ የመንገድ አደጋና መጨናነቅ ይቀንሳል። ባቡር ተሳፍሮ የማያውቅ መኪና ነጂ ሳይቀር መንገዱ ስለቀለለለት ይጠቀማል። ጥቅሙ ለመላው ማኅበረሰብ ከሆነ ወጪውን የባቡር ድርጅቱ ብቻ እንዲሸከም መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በሌላ በኩል ዓመቱን ሙሉ የአንድ አነስተኛ አውቶቡስ ተሳፋሪ ብቻ ላለው መስመር መሟገት ይከብዳል። በናፍጣ የሚሄድ ባዶ ባቡር ለአካባቢ አየርም አይበጅም፤ ገንዘቡ አዘውትሮ ለሚመላለስ አውቶቡስ ቢውል ነዋሪው የተሻለ ያገኛል።

ውሳኔው በቀላሉ የማይቀለበስ መሆኑ ግን ሚዛኑን ይለውጣል። ከኤድንብራ ወደ ደቡብ የሚሄደው የዌቨርሊ መስመር በ1969 ተዘጋ፤ በ2015 የተመለሰው ከፊሉ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህሉ፣ ብቻ ሲሆን ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። በአንጻሩ የሰሜን እንግሊዙ ሴትል–ካርላይል መስመር በ1989 ከመዘጋት ዳነ፤ ለመዝጋት ዋና ምክንያት ሆኖ የቀረበው የሪብልሄድ ድልድይም ከተፈራው እጅግ ባነሰ ወጪ ተጠገነ።

መስመሩን እንዳለ ማቆየትና መዝጋት ብቻ አይደሉም ምርጫዎቹ። የጃፓኗ ቶያማ ከተማ ተሳፋሪው እየመነመነ የነበረውን የወደብ መስመር በ2006 ወደ ቀላል ባቡር ለወጠች፤ ጣቢያ ጨመረች፤ ምልልሱንም አበዛች። በሥራ ቀናት የተሳፋሪው ቁጥር ከእጥፍ በላይ አደገ።