የድሮ ጡብ ግድግዳ ጥገና በመሀል አዲስ አበባ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎና አካባቢያቸው የአዲስ አበባ የድሮ ግንብ ቤቶች በብዛት የሚገኙባቸው ሰፈሮች ናቸው። የጡብ ጥገና ማለት የተበላውን መገጣጠሚያ ጠርጎ እንደገና መሙላት፣ የሞተውን ጡብ መተካትና ውሃ የሚገባበትን መንገድ መዝጋት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ባለማወቅ የተበላሸው ቤት በዝናብ ከተበላሸው አያንስም።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መጠለያው ድንኳን፣ እንጨትና ጭቃ ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ግንብ ቤት እየበዛ ሄደ። ለዚህ ሥራ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ስም ዘወትር ይነሳል። ማን ቀደመ የሚለው እንደ ተራኪው ይለያያል። ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን ረግጦ ያቦካው እጅ ግን የአገሬው ሰው እጅ መሆኑ አያከራክርም።

የዚያ ዘመን ግድግዳ ወፍራም ነው። ብዙ ቤቶች ላይ ድንጋዩ ገላውን ይሠራል፣ ጡቡ ደግሞ ማዕዘኑንና የመስኮቱን ቅስት ይይዛል። ማያያዣው ጭቃ ወይም ኖራ ነው። ሲሚንቶ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ዕቃ ማስመጣት ቀለለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶና ብሎኬት ቦታውን ወሰዱ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም»፣ አከራዩ መሥሪያ ቤት «በጀት የለም» እያለ የብዙ ቤት ጥገና ተረሳ።

ጥገና የሚጀመረው ከጣሪያ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት አሸንዳው ይታያል። አሸንዳ ከተቀደደ ውሃው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይወርዳል። መሬት መትቶ ሲነጥር ደግሞ የግድግዳውን እግር ይበላል። ይህ ሳይስተካከል ግድግዳ መንካት ገንዘብ መጣል ነው።

ቀጥሎ መገጣጠሚያው ይፈተሻል። የበር ቁልፍ ብቻ ይበቃል። ጫፉ ገብቶ አቧራ ካራገፈ ማያያዣው አልቋል። ግንበኛው በመሮና በቀላል መዶሻ እስከ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይጠርጋል። የጡቡን ጠርዝ እንዳይሸርፍ ቀስ ማለት አለበት። ከዚያ በብሩሽ አቧራውን አውጥቶ ግድግዳውን ውሃ ያጠጣዋል። ደረቅ ጡብ የአዲሱን ማያያዣ ውሃ መጥጦ ሳይጠነክር ያደርቀዋል።

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ለጥንካሬ ብሎ ሲሚንቶ ይሞላበታል። የድሮ ጡብ ግን ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። እርጥበቱ በኖራው በኩል ይወጣ ነበር። ሲሚንቶ ያንን መንገድ ሲዘጋው በጡቡ በኩል ይወጣል፣ ፊቱንም እየላጠ ይጥለዋል። ያደግኩበት ቤት የጓሮ ግድግዳ እንዲህ ሆኗል። ሲሚንቶው እንደ መስኮት ፍርግርግ ወጥቶ ቀርቷል፣ ጡቡ ግን በየመሀሉ ጎድጉዷል። ፕላስቲክ ቀለም መቀባትም ያው እርጥበት ማፈን ነው።

ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ነው። ከተሞላ በኋላ ለቀናት እርጥብ ጆንያ ይለብሳል። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ነጭ ጨው ፊቱ ላይ ከወጣ በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። በውሃ ማጠብ ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

በቅርስነት የተያዘ ቤት ሲሆን ግን ባለቤቱ እንደፈለገ አይነካውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ጥገናው በቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲሠራ ያዛል። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ እንደገና ሥራ መጀመሩ ፒያሳን ለሚወድ ሁሉ ትልቅ እፎይታ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል።

የሚተካ ጡብ ሲፈለግ ከፈረሰ ቤት የተነሳው ይመረጣል፤ መጠኑም ቀለሙም ይቀራረባል። በጭቃና በኖራ የተገነባ ጡብ በቀላሉ ይጸዳል። ግንበኞች ሁለቱን አንስተው እርስ በርስ ያጋጯቸዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ወደ ጎን ይጣላል።