የሲያትሉ ውጊያ ምንድን ነው?

«የሲያትሉ ውጊያ» የሚለው ስያሜ ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 30 እስከ ዲሴምበር 3 ቀን 1999 የዓለም ንግድ ድርጅት የሚኒስትሮች ጉባኤ በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው በሲያትል ከተማ በተቀመጠበት ወቅት፣ በተቃዋሚ ሰልፈኞችና በፖሊስ መካከል የተነሣው ግጭት ነው። ሁለተኛው ከስምንት ዓመት በኋላ ስለዚያው ግጭት ተሠርቶ ለዕይታ የበቃው «ባትል ኢን ሲያትል» የተሰኘ ድራማ ፊልም ነው። ስያሜውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ስለ ጦር ሜዳ የሚወራ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ በእነዚያ ቀናት በሲያትል ጎዳናዎች ላይ የሞተ ሰው የለም። ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት ከስሙ ይልቅ የዕለቱን ውሎ ከጠዋት ጀምሮ መከተል ይሻላል፤ ለዓመታት የዘለቀው ክርክር ያረፈው «ምን ከምን ቀደመ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነውና።

የዓለም ንግድ ድርጅት ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ሲሆን፣ በ1947 የተፈረመውንና «ጋት» በመባል የሚታወቀውን አጠቃላይ የታሪፍና የንግድ ስምምነት ተክቶ ነው። ከቀዳሚው በዋናነት የተለየው በአባል አገሮች መካከል የሚነሣን የንግድ ክርክር በሚያስገድድ ውሳኔ የሚቋጭ መሆኑ ነበር፤ የተረታው አገር ሕጉን ወይም አሠራሩን ካላስተካከለ፣ የረታው አገር በአጸፋው በተረቺው ዕቃዎች ላይ ቀረጥ እንዲጭን ሊፈቀድለት ይችል ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾችን፣ የሠራተኛ ማኅበራትን፣ ገበሬዎችንና ተማሪዎችን፣ ማለትም በሌላ ጊዜ በአንድ አደባባይ የማይገናኙ ሰዎችን፣ በአንድነት ያሠጋቸው ይህ ሥልጣን ነበር። ማንም ያልመረጠው አካል፣ የተመረጡ ምክር ቤቶች ያወጡትን ሕግ የንግድ እንቅፋት ነው ብሎ ሊሽረው ነው ሲሉ ተሟገቱ።

ለዚህ ሥጋት ምሳሌ የሆነችው የባሕር ኤሊ ናት። አሜሪካ፣ ሽሪምፕ የሚያጠምዱ መርከቦች ኤሊዎችን የሚያስመልጥ መሣሪያ በመረባቸው ላይ እንዲገጥሙ የሚያስገድድ ሕግ ነበራት፤ ሕጉን ከማያሟሉ አገሮችም ሽሪምፕ እንዳይገባ ከለከለች። ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ከሰሷት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል በአሜሪካ ላይ ፈረደ። በዓመቱ በሲያትል ጎዳናዎች ላይ የኤሊ ልብስ የለበሱ ብዙ ሰልፈኞች የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በርግጥ የፍርዱ ቃል ከሰልፈኞቹ መፈክር ይልቅ የረቀቀ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ያወገዘው ኤሊዎችን መጠበቅን ሳይሆን፣ አሜሪካ ሕጉን በአገሮች መካከል በአድልዎ የምትሠራበት መሆኑን ነው። መፈክር ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት ለመሸከም አይመችም።

ኖቬምበር 30 ቀን ማለዳ፣ ከንጋቱ 1 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ «ዳይሬክት አክሽን ኔትወርክ» በተባለው ኅብረት ሥር የተደራጁ ሰልፈኞች ወደ ጉባኤው ማዕከል የሚወስዱትን መስቀለኛ መንገዶች መያዝ ጀመሩ። ለወራት ሲዘጋጁ ቆይተዋል። በማዕከሉ ዙሪያ ያለውን የከተማ ክፍል ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱን ቁራሽ ለትናንሽ ቡድኖች ሰጥተው ነበር፤ ቡድኖቹ በየበኩላቸው በስምምነት እየወሰኑ ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ አንድ መሪ ቢታሰር ሥራው የሚቆም አልነበረም። አንዳንዶቹ እጃቸውን በቧንቧ ውስጥ አስገብተው እርስ በርስ ተቆላልፈው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፤ ቧንቧውን ሳይቆርጡ ማንሣት አይቻልም። ሐሳቡ ልዑካኑን መምታት ሳይሆን ወደ አዳራሹ እንዳይደርሱ ማድረግ ነበር፤ ተሳካም። የጉባኤው መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ፤ የመንግሥታቱ ድርጅት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናንና የአሜሪካዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማደሊን ኦልብራይት ሳይቀሩ ከሆቴላቸው መውጣት ተሳናቸው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ አድማ በታኝ ፖሊስ መስቀለኛ መንገዶቹን ለማስለቀቅ አስለቃሽ ጭስ መተኮስ፣ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይም ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ መርጨት ጀመረ። የሱቅ መስኮቶች መሰባበር የጀመሩት ከዚህ በኋላ፣ ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ነው። የሰበሩት ጥቁር ለብሰውና ፊታቸውን ሸፍነው የሚንቀሳቀሱ፣ «ብላክ ብሎክ» የሚባሉ ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ የትልልቅ ኩባንያዎችን ሱቆች እየለዩ ነበር የሚመቱት። በቴሌቪዥን ግን የተሰበረው መስታወት ምስል ጎልቶ በተደጋጋሚ ስለታየ፣ ብዙ ተመልካች ፖሊስ ጭሱን የተኮሰው ሰባሪዎቹን ለመበተን እንደሆነ አድርጎ ተረዳው። ሰዓቱን ለተመለከተ ሰው ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ይህ ማለት መስታወት መስበሩ ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ ከሰልፈኞቹም ብዙዎቹ ሰባሪዎቹን በጽኑ ይቃወሙ ነበር፣ አንዳንዶቹም በሱቆቹ በር ላይ ቆመው ሊከላከሉ ሞክረዋል።

በዚያው ዕለት በሌላ የከተማው ክፍል፣ በሜሞሪያል ስታዲየም፣ የሠራተኛ ማኅበራት በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተገኘበት ፈቃድ ያለው ሰልፍ ጠርተው ነበር። በጠቅላላው ወደ ከተማዋ የወጣው ሰው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ40 ሺሕ በላይ ተብሎ ይገመታል። ከቀትር በኋላ ከንቲባው ፖል ሼል የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ተደነገገ፤ የግዛቱ ገዥ ጋሪ ሎክ ብሔራዊ ዘብ አስጠራ። በማግስቱ፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከተማዋ ውስጥ እያሉ፣ በማዕከሉ ዙሪያ ሰልፍ ፈጽሞ የተከለከለበት ቀጠና ተሠየመ፤ በቀጠናው የተገኙ ሰዎችም በጅምላ ታሰሩ። በጉባኤው ቀናት የታሰሩት ከ500 በላይ ናቸው። የፖሊስ አዛዡ ኖርም ስታምፐር ብዙም ሳይቆይ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ከዓመታት በኋላም ሰላማዊ በነበሩ ሰልፈኞች ላይ ጭስ እንዲተኮስ መደረጉ በሥራ ዘመኑ ከፈጸማቸው ስሕተቶች የከፋው እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል።

ጉባኤው ዲሴምበር 3 ቀን ያለ ስምምነት ተበተነ። ይህን ውጤት ለጎዳናው ብቻ መስጠት ግን አዳራሹ ውስጥ የሆነውን መዘንጋት ነው። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በግብርና ድጎማ ላይ አልተስማሙም ነበር። ክሊንተን የሠራተኛ መብትን የሚጥሱ አገሮች ወደፊት በንግድ ማዕቀብ ሊቀጡ እንደሚገባ ለአንድ ጋዜጣ መናገራቸው፣ ማዕቀቡ በእኛ ላይ ነው የሚያነጣጥረው ብለው የሚሠጉትን ታዳጊ አገሮች አስቆጣ። ከዚህም በላይ ዋናው ድርድር የሚካሄደው «አረንጓዴው ክፍል» በሚባለው ልማድ፣ ማለትም ጥቂት የተመረጡ አገሮች ብቻ በሚጠሩበት ዝግ ስብሰባ ነበር። ከ135ቱ አባላት አብዛኞቹ ከበሩ ውጭ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ የአፍሪካ ሚኒስትሮች ሂደቱ ግልጽነት የጎደለውና እነርሱን ያገለለ በመሆኑ በስምምነቱ እንደማይተባበሩ በጋራ መግለጫ አስታወቁ። አባላቱ ሁሉ ካልተስማሙ ውሳኔ በማይወጣበት ድርጅት ውስጥ ይህ መግለጫ ከማንኛውም የመንገድ መዝጊያ ያላነሰ ክብደት ነበረው።

ፊልሙን ከብዙ መሰል ሥራዎች የሚለየው ይህን የአዳራሽ ውስጥ ታሪክ ሙሉ በሙሉ አለመዝለሉ ነው። ጽፎ ያዘጋጀው የአየርላንድ ተወላጁ ተዋናይ ስቱዋርት ታውንሴንድ ሲሆን፣ በአዘጋጅነት የመጀመሪያ ሥራው ነው። አብዛኛው ክፍል የተቀረጸው በካናዳዋ ቫንኩቨር ነው፤ በተዋናዮች የተሠሩት ትዕይንቶችም በ1999 ከተቀረጹ እውነተኛ ምስሎች ጋር ተቀላቅለው ስለሚቀርቡ፣ ተመልካቹ አንዳንድ ጊዜ የትኛው ፖሊስ ተዋናይ፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። ገጸ ባሕርያቱ ልቦለድ ናቸው፤ ሬይ ሊዮታ የሚጫወተው ከንቲባ እንኳ በእውነተኛው ስም አይጠራም። ማርቲን ሄንደርሰንና ሚሼል ሮድሪገዝ ሰልፉን ከሚያስተባብሩት መካከል ናቸው፤ አንድሬ ቤንጃሚን ኤሊ ለብሶ ይታያል፤ ኮኒ ኒልሰን ከዘጋቢነት ወደ ተሳታፊነት እየተንሸራተተች የምትሄድ ጋዜጠኛ ናት።

የፊልሙ ማዕከላዊ ሐዘን የተጣለው ዉዲ ሃረልሰን በሚጫወተው አድማ በታኝ ፖሊስና ሻርሊዝ ቴሮን በምትጫወታት ነፍሰ ጡር ሚስቱ ላይ ነው። ሚስትየዋ በግርግሩ መሐል ወደ ቤቷ ለመሄድ ስትሞክር በፖሊስ ዱላ ተመትታ ጽንሷን ታጣለች። እንደ እኔ አስተያየት ይህ መገጣጠም ከልክ በላይ የተመቻቸ ነው፤ ቅጣቱ ከነፍርዱ ወደ አንድ ቤት ገብቶ፣ የብዙ ሺሕ ሰዎች ጉዳይ የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ይሆናል። ይልቁንም ብዙም ያልተወራላቸው ሁለት ገጸ ባሕርያት የበለጠ ያሳስባሉ። አንደኛው ስለ ድሆች መድኃኒት ለመናገር የመጣ ሐኪም ነው፤ ሁለተኛው ኢሳክ ደ ባንኮሌ የሚጫወተው አፍሪካዊ ልዑክ ነው። ሁለቱም በመሠረቱ ሰልፈኞቹ ከሚሉት ጋር የሚቀራረብ አቤቱታ ይዘው መጥተዋል፤ ነገር ግን ውጭ ያለው ትርምስ የሚናገሩበትን ሰዓት ይነጥቃቸዋል፣ ውስጥ ያለው አሠራር ደግሞ የሚሰማቸውን ጆሮ ይነፍጋቸዋል። ፊልሙ እዚህ ላይ ከሰልፈኞቹ ጎን ቆሞም ቢሆን የዘጉት መንገድ የማን መንገድ እንደነበር ለመጠየቅ ይደፍራል።

ንቅናቄው ብዙውን ጊዜ «ፀረ ግሎባላይዜሽን» ይባላል፤ ተሳታፊዎቹ ግን ስሙን አይወዱትም ነበር። ከብዙ አገሮች በኢንተርኔት ተጠራርተው የመጡ፣ ዜናቸውንም በዚያው ሰሞን በሲያትል በተመሠረተው፣ «ኢንዲሚዲያ» በተባለው ነጻ የዜና መረብ በኩል ለዓለም የሚያሰራጩ ሰዎች የዓለምን መቀራረብ ይጠላሉ ማለት አስቸጋሪ ነው። የሚቃወሙት የመቀራረቡን ደንብ ማን ይጽፈዋል የሚለውን ነበር። ቀጣዩ የሚኒስትሮች ጉባኤ በኖቬምበር 2001 የተካሄደው በኳታር ዋና ከተማ በዶሃ ነው፤ በዚያ የሲያትልን የመሰለ ሰልፍ የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጁላይ 2001፣ በጣሊያን ጄኖቫ የቡድን ስምንት አገሮች መሪዎች ሲሰበሰቡ፣ በሲያትል ያልደረሰው ደረሰ፤ ካርሎ ጁሊያኒ የተባለ ወጣት ሰልፈኛ በፖሊስ ጥይት ተገደለ።

በፊልሙ ውስጥ ፖሊሱ የደበደበውን ሰልፈኛ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቀዋል። በእውነተኛዋ ሲያትል ጉዳዩ የተቋጨው በፍርድ ቤት ነው። በዌስትሌክ ፓርክ ተይዘው የነበሩ ወደ 175 የሚጠጉ ሰዎች ከተማዋን ከሰሱ፤ በጃንዋሪ 2007 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) ሰዎቹ ያለ በቂ ሕጋዊ ምክንያት መታሰራቸውን አረጋገጠ፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሸንጎው ከወሰነ ከስምንት ወር በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2007 ነው።