የኬብል ዲጂታል አዳፕተር ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ኬብል፣ ማለትም በገመድ የሚመጣ የክፍያ ቴሌቪዥን፣ ያስገባ ሰው ቤት ብትገቡ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም ከጀርባው አንድ ሳጥን አይጠፋም። ሳሎን ያለው ተለቅ ይላል፤ ፊቱ ላይ ሰዓት ያበራል። መኝታ ቤት ያለችው ግን ብዙ ጊዜ መዳፍ የምታህል፣ አንዲት መብራት ብቻ ያላት ናት። ሰው ሁለቱንም «ቦክስ» ይላቸዋል። ትንሿ የራሷ ስም አላት፤ ዲጂታል አዳፕተር ትባላለች፣ ባለሙያዎቹ ዲቲኤ ይሏታል። ምን እንደምትሠራ ለማወቅ መጀመሪያ ከግድግዳው የሚወጣውን ገመድ ማየት ይሻላል።

ድሮ በዚያ ገመድ የሚመጣው አናሎግ ምልክት ነበር። አንድ ጣቢያ 6 ሜጋኸርዝ ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ገመዱን ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ብቻ ይበቃ ነበር። የተለመዱትን ጣቢያዎች ለማየት ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ዲጂታል ሲመጣ ያው 6 ሜጋኸርዝ በሴኮንድ 38 ሜጋቢት ገደማ መሸከም ጀመረ። አንድ አናሎግ ጣቢያ ብቻውን ተንጣልሎ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አሥር ያህል መደበኛ ጣቢያዎች፣ ወይም ሁለት ሦስት ኤችዲ ጣቢያዎች ተጠጋግተው ይገባሉ። የኬብል ኩባንያዎች አናሎጉን የዘጉት ለዚህ ነው፤ የተለቀቀው ቦታ ለኤችዲና ለፈጣን ኢንተርኔት ዋለ። ይህን ምልክት መቀበል የማይችለው ቴሌቪዥን ግን በየቤቱ ቀረ። አዳፕተሯ የመጣችው ለእሱ ነው።

ሥራዋ ሁለት ነው፤ መተርጎምና መክፈት። መተርጎሙ ቀላል ነው። ምልክቱ ኳም በሚባል ዘዴ ታሽጎ፣ ተጨምቆ ይመጣል፤ እሷ ትፈታውና ቴሌቪዥኑ የሚያውቀውን ምስልና ድምፅ ታወጣለች። ይህ ብቻ ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቴሌቪዥኖች ራሳቸው ይችሉታል፤ የኳም መቀበያ በውስጣቸው አለ። ታዲያ «ቴሌቪዥኔ አዲስ ነው፣ ሳጥን ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሁሌም የምጠየቀው ይህንኑ ነው። መልሱ ያለው ሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። ምልክቱ ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ቁልፉ ደግሞ ሳጥኗ ውስጥ ነው። ኩባንያው የሳጥኗን መለያ ቁጥር በእናንተ ስም ይመዘግባል፣ ፈቃዱንም በዚያው ገመድ ይልክላታል። ለዚህ ነው ከሌላ ቤት የመጣች ሳጥን ብትሰኳት ዝም የምትለው።

ቁልፉ ሁልጊዜ ሁሉም ጣቢያ ላይ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ መሠረታዊዎቹ ጣቢያዎች፣ ማለትም የአካባቢው ስርጭቶች፣ ሳይቆለፉ ይመጡ ነበር፤ የኳም መቀበያ ያለው ቴሌቪዥን ያለ ሳጥን ያያቸዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የአሜሪካ የስርጭት ተቆጣጣሪ የሆነው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ ወደ ዲጂታል የተሻገሩ ኩባንያዎች እነዚያንም እንዲቆልፉ ፈቀደ። ኩባንያዎቹ ስርቆትን ለመከላከልና ሠራተኛ ቤት ድረስ ሳይልኩ መስመር ለመክፈትና ለመዝጋት እንደሚጠቅማቸው ተከራክረው ነበር። ምክንያታቸው ውሸት አይደለም። ቢሆንም ቴሌቪዥኑ ራሱ መሥራት የሚችለውን ሥራ ለመሥራት በየክፍሉ የኪራይ ሳጥን ማስቀመጥ ግድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህ ለተመልካቹ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። አክስቴ ከዓመታት በፊት በመንግሥት ኩፖን የገዛቻት ትንሽ ሳጥን አለቻት፤ በአንቴና የሚመጣውን ዲጂታል ምልክት ለአሮጌ ቴሌቪዥን የምትቀይር የአየር መቀየሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በጁን 12 ቀን 2009 ትልልቆቹ ጣቢያዎች በአየር የሚያሰራጩትን አናሎግ ሲያቆሙ መንግሥት ለአንዷ ሳጥን 40 ዶላር ይደጉም ነበር። ኬብል ስታስገባ «አለችኝ እኮ፣ ለምን ልከራይ?» ብላ የግድግዳውን ገመድ እዚያች ላይ አሠረችው። ግማሽ ቀን ጣቢያ ስትፈልግ ዋለች፤ አንድም አልተገኘም። ተበላሽታ መስሏት ልትጥላት ስትል ደረስኩ። ሳጥኗ ፍጹም ጤነኛ ነበረች። የአንቴና ምልክት የሚታሸገው በሌላ ዘዴ ነው፤ እሷ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው። ኳሙን ልትፈታው አትችልም፣ ቁልፉማ ጭራሽ የላትም። የአየር መቀየሪያና የኬብል አዳፕተር በመልክ መንታ ይሁኑ እንጂ አንዷ የሌላዋን ሥራ አትሠራም።

ከትልቁ ሳጥን የሚለያት ደግሞ መናገር አለመቻሏ ነው። ትልቁ ይቀበላል፣ መልሶም ይልካል፤ ፊልም መርጣችሁ ስታዙ ትእዛዙ በገመዱ ወደ ኩባንያው ይሄዳል። አዳፕተሯ ሰሚ ብቻ ናት። ስለዚህ ፊልም ማዘዝ የለም፣ መቅዳትም የለም። ወጥ ቤት ወይም እንግዳ ክፍል ዜና ለማየት ግን ከበቂ በላይ ናት፤ ለዚያ ትልቁን መከራየት ብክነት ነው።

አገጣጠሙን በቅርብ እንየው። ከግድግዳው የሚመጣው ክብ ገመድ ጫፉ ላይ የሚዞር ብሎን አለው፤ መሃሉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ወጥቶ ይታያል። ከመሰካታችሁ በፊት ሽቦዋን እዩ። ከተጣመመች ቀዳዳዋን ስታ ትቀራለች፣ ምስሉም በካሬ በካሬ ይሰባበራል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ብሎኑን በጣት እስኪጠብቅ አዙሩ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያላት አዳፕተር ከሆነች ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ውሰዱና ኢንፑቱን እሱ ላይ አድርጉ። የድሮዋ ከሆነች መውጫዋም ያው ክብ ገመድ ነው፤ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ 3 ወይም 4 ቁጥር ላይ መቆም አለበት። ጣቢያ የምትቀይሩት በሳጥኗ ሪሞት ነው። አንድ ሰው በቴሌቪዥኑ ሪሞት 5ን ከነካ ወዲያው ስክሪኑ ላይ በረዶ የመሰለ ነጠብጣብ ይወርዳል ወይም «ምልክት የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ተበላሸ ተብሎ ስልክ ከመደወሉ በፊት ወደ 3 መመለስ ነው።

ገመዱን ለሁለት የሚከፍለው ስፕሊተርም መዘዝ አለው። ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚደርሰው ኃይል ከግማሽ በታች ነው። በአናሎግ ዘመን ይህ ምስሉን ያደበዝዘው ነበር፤ ዲጂታል ላይ ግን ጥራቱ ሳይለወጥ ይቆይና ድንገት ይቆራረጣል። ከአንዱ ስፕሊተር ሌላ ስፕሊተር ተቀጥሎ ካገኛችሁ በመጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

ኪራይዋን በተመለከተ፣ ኩባንያው ያልሰጣችሁን ዕቃ ኪራይ ማስከፈል እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ሒሳቡ ላይ የተጻፈውን የሳጥን ብዛት ቤት ካሉት ጋር ቆጥሩ። አገልግሎቱን ስታቋርጡ ሳጥኗን ከነሪሞቷና ከነመብራት ገመዷ መልሱ፤ መለያ ቁጥሯ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉም ከዚያ አትውጡ።